ለዳግም ምርመራ ቅረቡ የምትል ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ጤና ይስጥልኝ።

ሥራ ላይ ተጎድተው የጉዳት ጡረታ ወይም ክፍያ የሚቀበሉ፣ በጤና ጉድለት ከሥራ ተሰናብተው በጡረታ የሚተዳደሩ ሰዎች አንዳንዴ ሳያስቡት አንዲት ደብዳቤ ትደርሳቸዋለች። «ለዳግም የሕክምና ምርመራ እንዲቀርቡ» ትላለች። ከሁለት መስመር አትበልጥም፤ ምክንያትም የላትም። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ያለ ተቀባይ ይህችን ወረቀት «ሊቆርጡብኝ ነው» ብሎ ያነባታል። ከዚያ ወይ ፈርቶ ይቀራል፣ ወይ ባዶ እጁን ይሄዳል። የእነዚህን ሰዎች ማመልከቻ መጻፍና ሰነድ ማሰናዳት ሥራዬ ነው። ክፍያ የሚቋረጠው ሰውየው ድኖ ስለተገኘ ብቻ አይደለም። ቀን ስላለፈ ይቋረጣል፤ ወረቀት ስለጎደለ ይቋረጣል፤ ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ስለተባለም ይቋረጣል። ሦስቱንም አስቀድሞ መከላከል ስለሚቻል አንባቢዎች ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤዋ የምን እንደሆነች ይለይ። ማኅተሙን ይመልከቱ። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ጉዳዩ ከመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጋር ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጋር። የጡረታ ሽፋን ያልነበረው ሠራተኛ ግን ክርክሩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ከአሠሪው ጋር ነው። ቀጥሎ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ይነበብ። ሰዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃሉ፤ በሕይወት መኖርን ማረጋገጥ፣ የማኅደር ሰነድ ማሟላትና ዳግም የሕክምና ምርመራ። የመጀመሪያው መታወቂያ ይዞ መቅረብ ነው። ሁለተኛው የጎደለውን ወረቀት ማምጣት ነው። ሐኪም የሚገባበት ሦስተኛው ብቻ ነው። ደብዳቤው «ለማጣራት» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ ይዞት ሄዶ «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱንም እዚያው ደብዳቤው ጀርባ ላይ ከመለሰው ሠራተኛ ስምና ከቀኑ ጋር መጻፍ ይጠቅማል።

ዳግም ምርመራ በራሱ ቅጣት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጉዳት መጠን እንደገና የሚመረመርባቸውን ሦስት ምክንያቶች ይጠቅሳል፤ የሠራተኛው ሁኔታ ሲብስ፣ ሲሻለው፣ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ ስህተት ሲሆን። ጥያቄው ከባለሥልጣን፣ ከአሠሪው ወይም ከራሱ ከሠራተኛው ሊመጣ ይችላል። ውጤቱም ክፍያን ሊያስቀር ወይም ሊቀንስ እንደሚችል ሁሉ ሊጨምርም ይችላል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጉልበቱ የተሰበረ ሰው ዓመታት ሲያልፉ መገጣጠሚያው እየደረቀ፣ ደህናው እግሩ ደግሞ የሌላውን ሸክም እየተሸከመ ይደክማል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት «የመጀመሪያው ቦርድ (ጉዳቱን መርምሮ መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቡድን) ካየኝ ወዲህ ምን ተባባሰ?» ብሎ ማሰብና በወረቀት ማስፈር ያስፈልጋል።

አለመቅረብ ግን ትልቁ ጥፋት ነው። በዚሁ አዋጅ ሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያቃተው ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈለው አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሠራተኛው አልመረመርም ካለ ወይም ሆን ብሎ ካጓተተ ይህ ክፍያ ሊታገድ ይችላል። ሲቀርብ ክፍያው ይቀጥልለታል፤ የታገደበት ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈለውም። በመጀመሪያው ሦስት ወር አንድ ወር የቀረ ሰው የአንድ ወር ሙሉ ደመወዙን አጣ ማለት ነው፤ ኋላ ማንም አይመልስለትም።

«ደብዳቤው የደረሰኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው» የሚለው አቤቱታ እዚህ አገር እውነት ነው። ከባሕር ዳር የወጣ ወረቀት በወረዳ አልፎ ቀበሌ ይደርሳል፤ ከቀበሌ ደግሞ ለገበያ የመጣ ጎረቤት በእጁ ይዞት እስኪሄድ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን የደረሰበት ቀን እዚያው ደብዳቤው ጀርባ ላይ ይጻፍ፤ ያመጣው ሰው ይፈርምበት፤ ከተቻለ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መቼ እንደሰጠ ይግለጽበት። ከዚያ ቀኑ ቢያልፍም መሄድ ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን የተጻፈው ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ ቀን ነው፤ የቀጠሮው ቀን አልፎ ስለደረሰኝ ሌላ የምርመራ ቀን እንዲወሰንልኝ አመለክታለሁ።» በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ወደ ቤት ይመለስ። «በቃል ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ሰው ኋላ ሲከራከር የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ከአልጋ የማይነሳ፣ ወይም ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጦ መሄድ የማይችል ሰው ከቀጠሮው ቀን በፊት ማመልከት አለበት። ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል መጓዝ እንደማይችል የሚገልጽ ወረቀት አያይዞ በቅርቡ ባለ ሆስፒታል እንዲታይ ይጠይቅ። ከቀኑ በኋላ የሚመጣ ይኸው ወረቀት ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ ሰነዱ። በየቤቱ ያለው አቀማመጥ ይታወቃል፤ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር። ማኅተሙ እጥፋቱ ላይ ስላረፈ ተፍቆ ግማሹ ብቻ ይታያል። የራጅ ፊልሞቹ ጢስና ሙቀት አጣብቋቸው ሲላቀቁ ምስሉ ይላጣል። ቦርድ ፊት ማኅተሙ የማይነበብ ወረቀት እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ደብዳቤው በመጣ ማግስት ዋናዎቹ ወረቀቶች ሳይታጠፉ በክላሰር ይግቡ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኮፒ ይነሱ፤ በስልክም ፎቶ ይነሱ። ራጅ በፊልሞቹ መካከል ንጹሕ ወረቀት ገብቶ ለብቻው ይያዝ።

መያዝ ያለባቸው እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የቦርድ ውሳኔ፤ አደጋው በደረሰበት ጊዜ የተጻፈው የአደጋ ሪፖርት፤ የቅጥር ደብዳቤና ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ወር ደመወዝ የሚያሳይ ማስረጃ፤ ሪፈር ወረቀቶች፤ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠው ማጠቃለያ፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ፤ ራጁ ከነፊልሙ፤ የፊዚዮቴራፒ ክትትል ካርድ፤ የመድኃኒት ማዘዣዎች። የሆስፒታል ካርድ ቁጥር ደግሞ ተለይቶ ይጻፍ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በስም ብቻ ከሚፈልግ በቁጥር ቢፈልግ ቶሎ ያገኘዋል። ሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ ለግለሰብ በቃል ጥያቄ ላይጽፍ ይችላል፤ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተጻፈ መጠየቂያ ደብዳቤ ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ሄደው «ደብዳቤ አምጡ» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች የሁለት ቀን መንገድና የአልጋ ወጪ ያጣሉ። መጠየቂያውን አስቀድሞ ማጻፍ ነው።

በሰነድ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ያስቸግራሉ። አንዱ ስም ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ በዓለም ስም፣ በሆስፒታል ካርዱ ላይ በክርስትና ስም ወይም አያት ሳይጠቀስ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተመዘገበ ሰው ለፋይሉ ሦስት ሰው ነው። የሁሉም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ መሥሪያ ቤቱ በእኛ። 12/01/2018 ተብሎ ካርድ ላይ የተጻፈ ቀን ለአንዱ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ለሐኪሙ ግን ጥር 4 ቀን 2010 ዓ.ም.። አደጋው በ2010 ዓ.ም. የደረሰ ከሆነ ሕክምናው ስምንት ዓመት ገደማ ዘግይቶ የተደረገ መሰለ ማለት ነው፤ «ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም» የሚል አስተያየት ከዚህ ሊወለድ ይችላል። በአንድ ነጠላ ወረቀት አደጋው፣ መጀመሪያ የታከመበት፣ ቀዶ ሕክምናውና የቦርዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍና ከፋይሉ ፊት ቢያያዝ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ቦርድ ፊት የሚፈጠረው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከመልካም አስተዳደጋችን የሚመነጭ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ይላል። ጎጃሜው ተነስቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ለሰላምታ የተሰጠ መልስ ነው፤ በሽተኛም ሆነ ጤነኛ እንዲሁ ይላል። ሐኪሙ ግን በእንግሊዝኛ «ተሽሎታል» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ደግሞ ወደ ትልቅ ሰው ፊት እየቀረቡ መሆናቸውን አስበው ምርኩዛቸውን በር ላይ ትተው፣ ግድግዳ ይዘው የሚገቡ አሉ። ሐኪሙ ያየው ያለ ምርኩዝ የገባ ሰው ነው። ምርኩዙም፣ የወገብ ቀበቶውም፣ የማዳመጫ መሣሪያውም አብሮ ይግባ። «ተመስገን» ካሉ በኋላ ወዲያው «ግን ሕመሙ አለ» ብሎ መቀጠል ነውር የለበትም።

የሚነገረው በልክ ይሁን። «በጣም ያመኛል» ማለት ሐኪም ለመመዝገብ አይመቸውም። «ቆሜ የምቆየው አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ እግሬ ይደነዝዛል።» «ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ።» «ሃያ ሊትር ጀሪካን አላነሳም፤ አምስቱን ግን በቀኝ እጄ እይዛለሁ።» «ሌሊት ሦስት ጊዜ እነቃለሁ።» እንዲህ ያለው ይመዘገባል። ለዚህ ከቀጠሮው በፊት ላሉት ሁለት ሳምንታት በየማታው በደብተር ሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል፤ መጻፍ የማይችል ልጁን ያጽፍ። የደህናውም ቀን ይጻፍ። መጥፎ ቀን ብቻ የተጻፈበት ደብተር አያሳምንም፤ «በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ እሆናለሁ፣ በቀረው እንዲያ» የሚለው ያሳምናል። ሐኪሙ የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ይሰጣል፤ መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ይለካል፤ የሁለቱን እግር ውፍረት ያነጻጽራል። ስለዚህ ማጋነን ዋጋ የለውም፤ አንዴ ካልታመኑ እውነተኛውም ሕመም ይጠረጠራል። በዕለቱ መድኃኒት እንደ ወትሮው ይወሰድ። የባሰበት ለመምሰል ብሎ ማቆም አደገኛ ነው፤ ጠንክሮ ለመታየት ተጨማሪ ማስታገሻ መዋጥም ጉዳቱን ይሸፍናል። ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደወሰዱ ለሐኪሙ መናገር ነው።

በዓይን የማይታይ ሕመም ያለባቸው የበለጠ ይቸገራሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቦርድ ፊት ሲቀርብ ጤነኛ ነው። ሲወድቅ ራሱን ስለማያውቅ ስለ አወዳደቁ መናገር የሚችለው ያየው የቤተሰብ ሰው ነው፤ እሱ አብሮ ይሂድ፤ የወደቀባቸው ቀናት ተጽፈው ይያዙ። የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው።

የክትትል መቋረጥ ደግሞ እንደ መዳን ይነበባል። ካርዱ ላይ ለዓመት ምንም ካልተጻፈ «ስላልታመመ ነው ያልመጣው» ይባላል። እዚህ አካባቢ ለመቋረጡ የሚታወቁ ምክንያቶች አሉ፤ መድኃኒቱ ጠፍቶ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ጊዜ መንቀሳቀስ ስላልተቻለ፣ ጸበል ገብቶ። ጸበል መግባትን ከሐኪም የሚደብቁ ብዙ ናቸው። መደበቅ አያስፈልግም። «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ጸበል ነበርኩ፤ መድኃኒቱን አቋርጬ ነበር፤ ሕመሙ እንዲህ ሆነ» ብሎ መናገር የዓመቱን ባዶነት ያስረዳል። ዝም ሲባል ግን ባዶው ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል።

ቦርዱ ሲጨርስ ዋናው ነገር ሁለት ቃላትና አንድ ቁጥር ነው። ቃላቱ «ቋሚ» እና «ሥራ መሥራት አይችልም» የሚሉት ናቸው። «ቀላል ሥራ ይመደብ» ተብሎ ከተጻፈ መሥራት ይችላል ማለት ነውና የጉዳት ጡረታው ይነካል። ሰዎች ይህን አረፍተ ነገር እንደ ርኅራኄ ይቀበሉታል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን «ቀላል የተባለውን የመዝገብ ሥራም ተቀምጬ አልችልም፣ ምክንያቱም» ብለው እዚያው ይናገሩ። ቁጥሩ የመቶኛው መጠን ነው። ለምሳሌ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 714/2003፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1267 ከመተካቱ በፊት፣ ሥራውን ለቀጠለ ጉዳተኛ የሚሰጠውን የአንድ ጊዜ ክፍያ የሚያሰላው የወር ደመወዙን 47 በመቶ በ60 አባዝቶ፣ ያንን በጉዳቱ መቶኛ በማባዛት ነበር። 4,000 ብር ደመወዝ 47 በመቶው 1,880 ነው፤ በ60 ሲባዛ 112,800። ጉዳቱ 20 በመቶ ከተባለ 22,560 ብር፣ 15 ከተባለ 16,920 ብር። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ምንም። የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ ደግሞ ሙሉ ቋሚ ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ሲሆን ከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ነው፤ በዚያው 4,000 ብር 240,000 ይሆናል፤ 20 በመቶው 48,000። ከ20 ወደ 15 መውረድ ሲወራ ትንሽ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን 12,000 ብር ነው። መልክን ክፉኛ ያበላሸ ጉዳት ሥራ ባይከለክልም በሠራተኛ አዋጁ እንደ ቋሚ ከፊል ጉዳት እንደሚቆጠርም አይዘንጋ፤ ፊታቸው የተቃጠለ ሠራተኞች «መሥራት ትችላለህ» ተብለው ያለ ክፍያ መመለስ የለባቸውም።

ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ለላከው መሥሪያ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ፖስታው በእጅ ከተሰጠ አይከፈት፤ የተከፈተ ፖስታ ተቀባይነት ያጣል። የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ መዝግቦ ማስረከብና፣ ማስረከባቸውን አስፈርሞ መመለስ ነው። ከዚያ የውሳኔው ቅጂ በጽሑፍ ይጠየቅ። ክፍያው ከተቀነሰ ወይም ከቀረ «ከየትኛው ማስረጃ ተነስቶ?» የሚለው መልስ በጽሑፍ ይፈለግ። ጣት አሻራ የሚያስቀምጡ እናትና አባቶች ወረቀቱ ሙሉ ሳይነበብላቸው አያስቀምጡ፤ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ የተቀመጠ አሻራ በይግባኝ ጊዜ ያስቸግራል። የጡረታ ጉዳይ ከሆነ ቅሬታው መጀመሪያ ለአስተዳደሩ፣ ከዚያ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ይቀርባል። የአሠሪና ሠራተኛ ከሆነ ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የጉዳት ክፍያ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ (ካለፈ ክስ በማይቀርብበት የጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ በሽምግልናና በ«ነገ ና» ዓመቱ እንዳያልፍ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን ቀኑ ሳያልፍ ይግባ።

«መቶኛውን አስጨምርልሃለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ በሆስፒታልና በመናኸሪያ አካባቢ አይጠፋም። ገንዘቡን ይወስዳል፤ ሐሰተኛ ወረቀት ከሠራም የሚጠየቀው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ውጤት እስኪመጣ ደግሞ በሬ መሸጥና አራጣ መበደር አይጣደፉ። ዕድርና ዘመድ ጉዳዩን ቀድሞ ቢያውቅ ሁለትና ሦስት ወር መሻገር ይቻላል።

በመጨረሻ ደብዳቤውን ለሚጽፉት መሥሪያ ቤቶች የምጠይቀው አለ። የምርመራው ምክንያት በአንድ አረፍተ ነገር ይጠቀስ። ይዘው የሚመጡት ሰነድ ዝርዝር ከሥር ይጻፍ። ቀጠሮው ደብዳቤው ከሚጻፍበት ቀን ሳይሆን ከሚደርስበት ቀን ተቆጥሮ በቂ ጊዜ ይሰጥ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ለሚጓዙ የአባይ በረሃ ቆላ ነዋሪዎች ደግሞ ተጨማሪ። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በሞጣ ሆስፒታሎች መታየት የሚችል ሰው ወደ ባሕር ዳር አይላክ። በደብዳቤው ላይም የመልስ ስልክ ቁጥርና ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ስም ይኑርበት፤ መጓዝ የማይችል ሰው ከቀጠሮው በፊት ደውሎ ማሳወቅ የሚችለው ይህ ሲኖር ነው።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ